መጎተትና መሸከም
በፒካፕ መኪና ላይ ስለሚተከለው የአምስተኛ መንኮራኩር መጋጠሚያ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





የዝግጅት ኮሚቴው ይህን ርእስ በሰጠኝ ጊዜ አንድ ወዳጄ፣ «በፒካፕ ጀርባ ላይ ብረት ለማሰር ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብረቱን ለማሰርስ ግማሽ ቀንና አንድ ረዳት ይበቃል። ንግግር የሚያስፈልገው ከመታሰሩ በፊት ላለው ስሌትና ከታሰረ በኋላ ለሚከተለው ኀላፊነት ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በከፊል ከመጻሕፍት፣ በከፊል ደግሞ ከራሴ ስሕተት ስለሆነ፣ ስሕተቴን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን የሙያውን ሀ ሁ የቆጠርነው በአገር ቤት ነው። በዚያን ዘመን በአሰብ መንገድ ላይ ፊያት 682 ተሳቢውን አስከትሎ ዳገቱን በዝግታ ሲወጣ ያላየ መካኒክ አይገኝም። ያ ተሳቢ ከፊትም ከኋላም የራሱ አክስል ስለ ነበረው ጭነቱን የሚሸከመው በገዛ ጎማዎቹ ነው። ከፊት ያለው መኪና በመጎተቻው ዘንግ ይስበዋል እንጂ ክብደቱን በጀርባው አያዝለውም። ከዚህም የተነሣ ተሳቢ በተባለ ቁጥር በአእምሮአችን የሚመጣው «መጎተት» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ዛሬ በምንኖርበት በአሜሪካ ግን ደንበኞቻችን ከቤተሰባቸው ጋር ለሽርሽር የሚወጡበት ትልቁ የመኖሪያ ተሳቢ የፊት አክስል የለውም። የፊተኛው ክፍሉ ከፍ ብሎ በፒካፑ የጭነት ሣጥን ውስጥ ባለው መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ፒካፑ መጎተት ብቻ ሳይሆን መሸከምም አለበት። ዛሬ የምናገረው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ግሦች መካከል ባለው ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። በፈረስ በሚሳብ ሠረገላ ዘመን የፊተኛው አክስል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲዞር ከሠረገላው ወለል በታች አግድም የተኛ የብረት ክብ ይደረግ ነበር። ከአራቱ መንኮራኩሮች ላይ የተጨመረ እንደ መሆኑ መጠን አምስተኛ መንኮራኩር ተባለ። በ1914 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በዲትሮይት ከተማ፣ አንድ የእንጨት ነጋዴ ጀልባውን በፎርድ አውቶሞቢል ለማጓጓዝ በፈለገ ጊዜ፣ ኦገስት ፍሩሃውፍ የተባለ አንጥረኛና ሠረገላ ሠሪ የፊተኛው ጫፉ በአውቶሞቢሉ ጀርባ ላይ የሚያርፍ ተሳቢ ሠራለት። በ1920ዎቹ ዓመታትም በአውሮፕላን ሥራ ዝናው የታወቀው ግሌን ከርቲስ የመኖሪያ ተሳቢ ሲሠራ፣ አየር የተሞላ ጎማ አግድም አስተኝቶ መጋጠሚያ አድርጎታል። ዛሬ በእጃችን ያለው ዕቃ የእነዚህ ልጅ ነው። ከተሳቢው አፍንጫ ሥር ሁለት ኢንች ውፍረት ያለው ካስማ፣ እኛ በተለምዶ ኪንግ ፒን የምንለው፣ ወደ ታች ይወርዳል። በፒካፑ ላይ ያለው መጋጠሚያ ደግሞ ካስማውን አንቆ የሚይዝ መንጋጋ፣ የተሳቢውን ክብደት የሚቀበል ዝርግ ብረት፣ ይህን የሚደግፍ እግርና ሁሉንም ከሻሲው ጋር የሚያስተሳስር ማያያዣ አለው።

እንግዲህ ወደ አመራረጡ እንግባ። ደንበኛው ወደ ጋራዣችን ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ በቃሉ ይዞ ይመጣል። ይኸውም በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የመጎተት አቅም ነው። እኛ ግን መጀመሪያ መክፈት ያለብን የሾፌሩን በር ነው። በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ የተሳፋሪዎችና የጭነት ድምር ከዚህ ክብደት ሊበልጥ አይገባም የሚል ቁጥር እናገኛለን። በአጠገቡም የኋላው አክስል ሊሸከም የሚችለው የክብደት ወሰን ተጽፏል። የመሸከም አቅም የሚባለው ይህ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያልቀውም ይህ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ተሳቢው ሙሉ ጭነቱን ይዞ 12,000 ፓውንድ ይመዝናል እንበል። በዚህ ዓይነት ተሳቢ ከጠቅላላው ክብደት ብዙውን ጊዜ ከመቶ 15 እስከ 25 የሚሆነው በካስማው በኩል በፒካፑ ላይ ያርፋል። ለስሌታችን ከመቶ 20 ብንወስድ 2,400 ፓውንድ ይሆናል። መጋጠሚያው ራሱ ከነማያያዣው 180 ፓውንድ፣ አባትና እናት ከሦስት ልጆች ጋር 620 ፓውንድ፣ በጭነት ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው መሣሪያና ጓዝ 150 ፓውንድ ቢሆን ድምሩ 3,350 ፓውንድ ነው። በበሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር 2,900 ከሆነ መኪናው በ450 ፓውንድ፣ ማለትም ከ200 ኪሎ በላይ፣ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። በማስታወቂያው ላይ ግን ይኸው ፒካፕ 13,000 ፓውንድ ይጎትታል ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነተኞች ናቸው። አንደኛው ስለ መጎተት፣ ሁለተኛው ስለ መሸከም ስለሚናገሩ አይቃረኑም፤ ስሕተቱ የሚመጣው የአንዱን ለሌላው ከመውሰድ ነው።

ከዚህ ላይ ሦስት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ሻጩ የሚሰጠውን የተሳቢውን ባዶ ክብደት ለስሌት አትውሰዱ። ውሃው፣ ጋዙ፣ ልብሱና ምግቡ ገና አልተጫነም፤ የሚጫነውም ብዙውን ጊዜ ከፊት ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ስለሆነ በቀጥታ በካስማው ላይ ይጨመራል። ሁለተኛ፣ አጋዥ ባሌስትራ ወይም የአየር ከረጢት ቢጨመር ያጎነበሰውን የመኪና ጀርባ ያቃና ይሆናል እንጂ በበሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይለውጥም። አክስሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ ያው የቀድሞዎቹ ናቸውና። ሦስተኛ፣ ግምትን በሚዛን አረጋግጡ። በትላልቅ የጭነት መኪኖች ማረፊያ ሚዛን አይታጣም። ፒካፑ ከነቤተሰቡ መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎም ከተሳቢው ጋር ተጋጥሞ ይመዘን። በሁለተኛው ሚዛን በፒካፑ አክስሎች ላይ የጨመረው ክብደት የካስማው ክብደት ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሆኖ ሳለ የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው።

ከክብደት ቀጥሎ የሚመጣው የቦታ ጉዳይ ነው። መጋጠሚያው የሚቀመጠው በኋላው አክስል ልክ ወይም ከእርሱ ጥቂት ኢንች ወደ ፊት ነው። በቅሎ የጫነ ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ጭነቱ ወደ ጭራዋ ካዘነበለ የፊት እግሮቿ ይቀልላሉ፣ አረማመዷም ይበላሻል። መኪናም እንደዚሁ ነው። የካስማው ክብደት ከአክስሉ ኋላ ቢያርፍ የፊት ጎማዎች ከመሬት ጋር ያላቸው ግንኙነት ስለሚላላ መሪው ይቀላል። በሌላ በኩል መጋጠሚያው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ከጋቢናው ጋር ያለው ርቀት ያጥራል፤ በመታጠፍ ጊዜም የተሳቢው ማእዘን የጋቢናውን የኋላ መስተዋት ሊነካ ይችላል። የእኔ ስሕተት የተፈጸመው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ በዕድሜ የገፉ የአገራችን ሰው አዲስ የገዙትን ተሳቢ የሚጎትቱበትን ፒካፕ ይዘው ወደ እኔ መጡ። የፒካፑ የጭነት ሣጥን ስምንት ጫማ ርዝመት ያለው ነበር። በሙያችን እንደሚባለው ረጅም ሣጥን ካለ ስለ ጋቢናው መጨነቅ አያስፈልግም። ከአክስሉ እስከ ጋቢናው 54 ኢንች ነበር። የኋላውን አክስል ላሳርፍ ብዬ መጋጠሚያውን አምስት ኢንች ወደ ፊት ገፋሁት፤ 49 ኢንች ቀረኝ። የተሳቢው ስፋት 96 ኢንች ስለሆነ ግማሹ 48 ነው። ተሳቢው ዘጠና ዲግሪ ቢታጠፍ እንኳ አንድ ኢንች ይተርፋል ብዬ አሰብሁ። ሰውየው፣ «ይበቃል ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ይበቃል» አልኋቸው።

ያላሰብሁት ነገር ቢኖር የተሳቢው የፊት ግድግዳ ከካስማው 14 ኢንች ወደ ፊት የወጣ መሆኑን ነው። ማእዘኑ ከካስማው ያለው ርቀት 48 አይደለም። የ48 ካሬና የ14 ካሬ ሲደመሩ 2,500 ይሆናሉ፤ የዚህም ካሬ ሥር 50 ነው። ከሁሉ የሚከፋው ቦታ ደግሞ ዘጠና ዲግሪ አይደለም። ማእዘኑ ከ60 ዲግሪ ጥቂት እንዳለፈ ጋቢናውን ይደርስበታል፤ በ74 ዲግሪ ገደማ ደግሞ በቀጥታ ወደ ጋቢናው ያመለክታል። በስምንተኛ ክፍል የተማርሁት የፓይታጎራስ ሕግ ነው፤ ያን ቀን ግን አልተጠቀምሁበትም።

ሰውየው በመጀመሪያው ጉዟቸው ላይ፣ በአንድ የካምፕ ሥፍራ፣ ወደ ኋላ እየነዱ ሲገቡ የተሳቢው ማእዘን የኋላውን መስተዋት ሰበረው። ስልክ ደውለው ጠሩኝ፤ ሄድሁ። የመስተዋቱ ስብርባሪ በኋላው ወንበር ላይ፣ በልጅ ልጃቸው መቀመጫ ውስጥ ሳይቀር ተበትኖ አየሁ። ሕፃኗ በዚያች ሰዓት ከሴት አያቷ ጋር ከመኪናው ወርዳ ጥላ ሥር ቆማ ነበር። ሰውየው አልተቆጡኝም። «ይበቃል ብለኸኝ ነበር» ብቻ አሉኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ስድብ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር እላለሁ። መስተዋቱን በራሴ ወጪ አስገጠምሁ፤ መጋጠሚያውንም ነቅዬ ልክ በአክስሉ ላይ አዛውሬ ተከልሁት። ርቀቱ 54 ኢንች ሆነ፤ አራት ኢንችም ተረፈ። የካስማውን ክብደት መዝነን ስናይ የኋላው አክስል ያለ ችግር የሚሸከመው ሆኖ ተገኘ። ይህን አስቀድሜ ብመዝን ኖሮ እነዚያን አምስት ኢንቾች መግፋት አያስፈልገኝም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ተሳቢውን ራሱን በዓይኔ አይቼ ሁለት ነገር ሳልለካ ሥራ አልጀምርም፤ እነርሱም የተሳቢው ግማሽ ስፋትና የፊት ግድግዳው ከካስማው ወደ ፊት የወጣበት ርቀት ናቸው። የፊት ግድግዳው ከካስማው ኋላ ከሆነ ግማሽ ስፋቱን ብቻ ማሰብ ይበቃል፤ ወደ ፊት የወጣ ከሆነ ግን የማእዘኑን ርቀት ማስላት ግዴታ ነው። በሁለቱም ላይ ጥቂት ኢንች ትርፍ ይታከላል። የፒካፑ ሣጥን አጭር ከሆነና ርቀቱ ካልበቃ፣ በጠባብ ቦታ ሲታጠፉ ወደ ኋላ የሚንሸራተት መጋጠሚያ አለ። አንዳንዱ ከመኪናው ወርዶ በእጅ የሚለቀቅ ነው፤ ሌላው ከመታጠፉ ጋር ራሱ ይንሸራተታል። በእጅ የሚለቀቀውን የሚገዛ ደንበኛ፣ ወደ አውራ ጎዳና ከመውጣቱ በፊት ወደ ፊት መልሶ መቆለፍ እንዳለበት በቃልም በጽሑፍም ሊነገረው ይገባል።

መጋጠሚያውን በራሱ ስንመርጥ የሚታዩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። የተጻፈበት አቅም ከተሳቢው ሙሉ ክብደት መብለጥ አለበት፤ በአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ 2638 በተባለው ደንብ የተፈተነ ከሆነ ይመረጣል። ነገር ግን 20,000 ፓውንድ የሚችል መጋጠሚያ መግዛት 12,000 ብቻ የሚችለውን ፒካፕ አያጎለብተውም፤ የሚገዛው ሁልጊዜ ትንሹ ቁጥር ነው። መንጋጋው ካስማውን ከሁለት ወገን ዙሪያውን የሚይዝ ቢሆን በመሄድና በመቆም ጊዜ የሚሰማው መንገጫገጭ ይቀንሳል። ዝርጉ ብረት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም የሚያዘነብል ቢሆን፣ ባልተስተካከለ መሬት ላይ ማጋጠምና መፍታት ይቀላል። ከፍታውም እንዲሁ ይለካል። ተሳቢው ተጋጥሞ ሲቆም ወለሉ ከመሬት ጋር ትክክል መሆን አለበት፤ ከተሳቢው ሆድ እስከ ፒካፑ የጎን ግድግዳ ድረስም ስድስት ኢንች ያህል ክፍተት ይተው። አለበለዚያ መንገዱ ባጋደለ ጊዜ ብረት ከብረት ይጋጫል።

አሁን ወደ አተካከሉ ልለፍ። የጭነት ሣጥኑ ወለል ቆርቆሮ ነው፤ ኀይል የሚቀበለው ሻሲው ብቻ ነው። ስለዚህ መጋጠሚያው በወለሉ ላይ የተቀመጠ ቢመስልም ቡሎኖቹ ወለሉን አልፈው በሻሲው ላይ ከታሰረው ማያያዣ ጋር መገናኘት አለባቸው። ለእያንዳንዱ የመኪና ዓይነት በልኩ የተሠራ ማያያዣ ይሸጣል፤ በሻሲው ላይ ፋብሪካው ባበጃቸው ቀዳዳዎች ስለሚታሰር እርሱን ምረጡ። የመኪናው ሠሪ ሳይፈቅድ ሻሲ መበየድ ወይም የሻሲውን የላይና የታች ከንፈር መብሳት ብረቱን ያዳክመዋል። ከ2010ዎቹ ዓመታት ወዲህ በተሠሩ ብዙ ትላልቅ ፒካፖች ላይ ፋብሪካው ራሱ ከወለሉ በታች መቀበያውን አዘጋጅቶ ስለሚያቀርብ፣ ካለ እርሱን መጠቀም ከሁሉ ይሻላል።

ትራፓኖ ከማንሣታችን በፊት ከመኪናው ሥር መግባት አለብን። ትርፍ ጎማው ይውረድ፤ የነዳጅ ቱቦው፣ የፍሬን ቱቦውና የኤሌክትሪክ ሽቦው የት የት እንደሚያልፉ ይታይ፤ አስፈላጊ ከሆነም ገለል ተደርገው ይታሰሩ። በወለሉ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ካለ ይነሣ ወይም መጋጠሚያው በሚያርፍበት በኩል ይቆረጥ፤ በፕላስቲክ ላይ የታሰረ ቡሎን ፕላስቲኩ ሲሳሳ ይላላልና። መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳ፤ ከሥር ታይቶ ቦታው ትክክል ከሆነ በወፍራሙ ይስፋ። የተበሳው ሁሉ ዝገት እንዳይገባው ቀለም ይቀባ። ወለሉ ሸንተረር ያለው ስለሆነ ቡሎኑ ሲጠብቅ ቆርቆሮውን እንዳያጨማድደው በሸንተረሩ ውስጥ ለዚሁ የተሠራው የብረት ድጋፍ ይግባ። መጀመሪያ ሁሉም ቡሎኖች በእጅ ይግቡ፤ መጋጠሚያው ከመኪናው መካከለኛ መሥመር ጋር ትክክል መሆኑ ከግራና ከቀኝ ይለካ፤ ከዚያ በኋላ በመመሪያው በተጻፈው ልክ፣ ኀይል በሚለካ ቁልፍ ይጥበቁ። በክንድ ስሜት የሚጠብቅ ቡሎን አንዱ ይላላል፣ ሌላው ይበጠሳል። ደንበኛውም ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ቡሎኖቹ እንደገና እንዲፈተሹ ቀጠሮ ይሰጠው።

ለተሳቢው መብራትና ፍሬን ባለ ሰባት መስመር ሶኬት በጭነት ሣጥኑ ውስጥ ይዘረጋል። በተጨማሪም ተሳቢው ቢላቀቅ የራሱን ፍሬን የሚያስይዝ ቀጭን ገመድ አለ። ገመዱ በመኪናው አካል ላይ ይታሰር እንጂ አብሮ ሊነቀል በሚችለው የመጋጠሚያው ራስ ላይ አይታሰር። መጋጠሚያው ከነተሳቢው ከተነቀለ ገመዱም አብሮ ይሄዳልና ሥራውን አይሠራም።

ሥራው በዚህ አያበቃም። መኪናውን ከማስረከባችን በፊት ደንበኛው በፊታችን አጋጥሞ መፍታት አለበት። ለተሳቢው ጎማዎች ታኮ ይደረግ፤ የፒካፑ የኋላ ስፖንዳ ይውረድ። የተሳቢው አፍንጫ ከፍታ ከዝርጉ ብረት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ፒካፑ ሲገባ ብረት በብረት ላይ እየተንሸራተተ እንዲወጣ ይስተካከል። ከፍ ካለ ካስማው በመንጋጋው ላይ ተንጠልጥሎ የተቆለፈ ሊመስል ይችላልና። መንጋጋው ሲዘጋ መቆለፊያው ይግባ፤ ከዚያም በባትሪ መብራት ጎንበስ ብሎ ይታይ። በተሳቢው ብረትና በዝርጉ ብረት መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ አልተጋጠመም። በመጨረሻም የተሳቢው እግሮች ገና መሬት እንደረገጡ የተሳቢው ፍሬን ይያዝና ፒካፑ በቀስታ ወደ ፊት ይሳብ። ካልተያዘ ተሳቢው በእግሮቹ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ እግሮቹ ከተነሡ በኋላ ግን በጭነት ሣጥኑ ግድግዳ ላይ ይወድቃል። ይህ ፈተና አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፤

ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ በአምራቾች መመሪያ ውስጥ ይገኛል። በመመሪያ ውስጥ የማይገኘው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም «አይሆንም» ማለት ነው። ደንበኛው ተሳቢውን ገዝቷል፤ ዕረፍት ወስዷል፤ ልጆቹ ጓዛቸውን ሸክፈዋል። ቁጥሩ በ450 ፓውንድ አልፏል ስንለው ፊቱ ይጠቁራል። እኛ እንቢ ብንል ጎረቤት ያለው ጋራዥ ይሠራለታል ብለን እናስባለን። የአገር ልጅ ሲሆን ደግሞ ይሉኝታው ይብሳል። ነገር ግን ደንበኛው ወደ እኛ የመጣው ብረት ማሰር ስለማይችል ብቻ አይደለም፤ የማያውቀውን እንድናውቅለት ነው። ቁልቁለቱን የሚወርደው እርሱ ነው፤ ከኋላው ወንበር ላይ የሚቀመጡትም የእርሱ ልጆች ናቸው። እኛ ከቤታችን ሆነን ስለ ሥራችን የምንሰጠው ምስክርነት ግን እስከዚያ ቁልቁለት ድረስ አብሮት ይሄዳል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ደንበኛ፣ «መኪናዬ ይህን ይጎትታል?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ «መጎተቱንስ ይጎትታል፤ ይሸከመው እንደሆነ በሩን ከፍተን አብረን እንይ» በሉት። ከዚያም ሜትራችሁን አውጥታችሁ ተሳቢውን ለኩ። እኔ ሳልለካ «ይበቃል» ያልሁበትን ቀን አልረሳውም።